የሽመሊት ነዋሪነት

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበር፤ አልነበረም የሚል ካለ ውሸቱን ነው። አንበሳ በግብር ሰሞን በትልቁ ዋርካ ሥር ይቀመጣል፣ ጅብ ግብር ይሰበስባል፣ ቀበሮ ሕጉን ይተረጉማል፣ የቀረው ይከፍላል። ንብ ማሯን፣ ዝንጀሮ ፍሬውን ያቀርባሉ። ሚዳቋ መቼስ ሌላ የምትሰጠው ስለሌላት አልፎ አልፎ ከልጆቿ አንዱን ትከፍል ነበር። ይህም በወጉ ተመዝግቦ ደረሰኝ ይሰጣታል።

ከግብር ነጻ የነበሩት ሽመላዎች ብቻ ናቸው። አንበሳ አዝኖላቸው እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድርቅ ገብቶ የኩሬው ውኃ በራሽን ሲታደል፣ ሽመላዎችም ድርሻችን ይሰጠን ብለው ጉባኤ ቀርበው ነበር። ቀበሮ ሕጉን ገልጦ፣ «እናንተ እኮ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ ናችሁ፤ መንገደኛ ናችሁ። የጫካው ውኃ ለጫካው ነዋሪ ነው» ብሎ መለሳቸው፤ መንገደኛ ደግሞ ግብር የለበትም። እነሱም ደጅ አልጠኑም። በረሃውን አቋርጠው ሌላ አገር ሥራ ፈለጉ።

ሥራ የሰጣቸው የሩቁ ሐይቅ ጌታ ጉማሬ ነው። ጉማሬ ከደንገል የተጎነጎነ ቅርጫት ያሰናዳል፤ ሽመላ ቅርጫቱን በእግሯ አንጠልጥላ ኤሊውን፣ እንቁራሪቱን፣ አይጡን ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ታደርሳለች። ደመወዟ ዓሣ ነው። የሥራው የመጀመሪያ ደንብ ተሳፋሪን አለመብላት ነው። ለሽመላ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሽመሊት ግን በአምስት ዓመት አገልግሎቷ አንዲት እንቁራሪት እንኳ አጉድላ አታውቅም።

ወሬያችን የዚህችው የሽመሊት ነው። ጎጆዋ በጫካው ዳር በበቀለ ረጅም ሾላ ላይ ነበር። ባሏ እዚያ ሆኖ ልጆች ይጠብቃል፤ በዚያ ዓመት ሦስት ጫጩቶች ነበሯቸው፣ ላባቸው ገና አልሞላም። እሷ ፈቃድ ባገኘች ቁጥር እየበረረች ትመጣና ዓሣውን አውርዳ፣ ልጆቿን አይታ ትመለሳለች። ተደማምሮ በዓመት መቶ ቀን ብትቀመጥ ነው።

አንድ ጠዋት ከሥራ ስትመጣ ጅብ ከሾላው ሥር ቆሞ ጠበቃት።

«እመት ሽመሊት፣ እንደምን ከረምሽ? ወፍረሻል እኮ!»

«ምን ፈልገህ ነው አያ ጅቦ?»

«ግብር ነዋ። ከምታመጪው ዓሣ ሲሶውን።»

«ጉማሬ እኮ ገና ሳይሰጠኝ የራሱን ግብር ይቀንሳል። በዚያ ላይ ሲሶ? ልጆቼ ምን ይብሉ? ደግሞስ እኔ መንገደኛ አይደለሁም እንዴ?»

«እሱ ድሮ ቀረ። አሁን አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ነዋሪ የሆነ ሁሉ የትም ይሥራ የት ይከፍላል። እምቢ ካልሽ ዛፉ በዝሆን ይገነደሳል።» ይህን ብሎ ወደ ጎጆው ቀና አለና ከንፈሩን ላሰ። «ከላይ የሚወድቀው እንግዲህ የሰብሳቢው ነው።»

ባሏ ሁሉን ሰምቷል። ጅብ ዞር ሲል፣ «እንክፈላቸውና ይተዉን» አላት። «ቢያንስ ልጆቹ እስኪበሩ።»

«ዘንድሮ ሲሶ ከፍለን ለከርሞ ግማሽ ቢሉንስ? ውኃ ሲጠማን መንገደኛ፣ ዓሣ ስናመጣ ነዋሪ! አይሆንም!» አለች። ንዴቷ እስከ አንገቷ ደርሶ ነበር፤ ፈርታለችም። ቢሆንም በማግስቱ ጉባኤ ቀረበች።

ጉባኤው ሞልቷል፤ በዚያ ጫካ ከጉባኤ መቅረት ራሱ ያስቀጣል። ጸሐፊዋ ጦጣ ቅርፊትና ከሰል ይዛ ተሰይማለች። አንበሳ ያዛጋል። ያን ቀን እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነበር፤ ከየት መጡ ብሎ የጠየቀ የለም።

«ጌታዬ» አለች ሽመሊት፣ «አዋጁ ከዓመቱ ቀን ከግማሽ በላይ በጫካው የተቀመጠ ነዋሪ ነው ይላል። እኔ የተቀመጥኩት መቶ ቀን ነው። ጎረቤቶቼ ምስክሮቼ ናቸው።»

ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቀን መቁጠር የዘበኛ ሥራ ነው። ሕግ የሚያየው ኑሮን ነው። ጎጆሽ የት ነው? ባልሽ የት ነው? ልጆችሽ የሚያድሩት የት ነው? እዚሁ! አንቺ ሰማይ ለሰማይ ብትውዪም ኑሮሽ እዚህ ነው። ነዋሪ ነሽ፤ ክፈይ።»

ጉባኤው አጉረመረመ። ጅብ ዞር ብሎ ሲያየው ጸጥ አለ።

ሽመሊት አንድ እግሯን አጥፋ ቆመች።  ወዲያው በሥራዋ ምክንያት ከላይ ሆና ሁልጊዜ የምታየው አንድ ነገር ትዝ አላት። ይህን ከተናገረች መመለሻ እንደሌላት ታውቃለች።

«እሺ» አለች። «እመት ጦጢት፣ ጻፊልኝ። ነዋሪነት የሚታወቀው ልጆች በሚያድሩበት ነው። አቶ ቀበሮ፣ ልክ ነው?»

«ልክ ነው፤ ጻፊ» አለ ቀበሮ፣ እየኮራ።

«ለሁሉም ነው ወይስ ለሽመላ ብቻ?»

«ሕግ አያዳላም!»

«እንግዲያው ልናገር። እኔ ለሥራ ስሄድ ወንዙን ተሻግሬ በጎሾች አገር ላይ አልፋለሁ። እዚያ ለምለሙ ሸለቆ ውስጥ አንድ ሰፊ ዋሻ አለ። ከደጁ አንበሲቶች ይተኛሉ፣ አራት ደቦሎች ይጫወታሉ። ከዚህ የተሰበሰበው ማርና ሥጋም በጅብ ጀርባ እየተጫነ እዚያ ይገባል። ጌታዬ፣ የእርስዎ ልጆች የሚያድሩት ጎሾች አገር ነው! እርስዎም ዓመቱን ሙሉ እዚያው ከርመው እዚህ ብቅ የሚሉት በግብር ሰሞን ነው። ልጆች ከቆጠርን እኔ ነዋሪ ሳልሆን አልቀርም፤ እርስዎ ግን ቀን ብንቆጥርም ልጆች ብንቆጥርም የዚህ ጫካ ነዋሪ አይደሉም!»

ወይ ድፍረት! አንበሳ ማዛጋቱን ተወ። የጦጢት ከሰል በእጇ እንዳለ ቀረ።

«የኔም ልጅ እዚያ ነው የገባው?» አለች ሚዳቋ። ድምጿ ከወትሮው ከፍ ያለ ነበር። 

«ይህ የመንግሥት ምሥጢር ነው!» ብሎ ቀበሮ ጮኸ። አንበሳ ብድግ ብሎ አገሳ። «ዛፉ ይገንደስ! አሁኑኑ!»

ዝሆን ቀስ ብሎ ተነሥቶ ወደ ሾላው አመራ። አንበሳና ቀበሮ ከዋርካው ሥር ሲቀሩ፣ ጉባኤው ተከተለው። ሽመሊት ቀድማ ደርሳ ከባሏ ጋር ጫጩቶቹን በክንፏ ሸፈነች። ዝሆን ግንባሩን ግንዱ ላይ ሲያሳርፍ ጎጆው ተንቀጠቀጠ። ጅብ ከሥር አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

«ቆይ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለ ዝሆን። «ያዘዘኝ ማን ነው?»

«ጌታችን ነዋ! ሌላ ማን ያዛል?» አለ ጅብ።

«ጌታችን እኮ ነዋሪ አይደሉም ተባለ፤ ቀበሮ ራሱ ባጻፈው ሕግ። እኔ ዕድሜ ልኬን ግብሬን ከፍያለሁ። ከመንገደኛ ትእዛዝ ተቀብዬ ግን አላውቅም፤ ዛሬም አልጀምርም።»

ይህን ብሎ ፊቱን አዞረና ግንዱን ተደግፎ ተቀመጠ። ሚዳቋ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ዝንጀሮም መጣ፤ ጦጢትም ቅርፊቷን እንደያዘች ተከተለች። ጅብ ግራ ቀኙን ቃኝቶ ብቻውን መሆኑን ሲያይ፣ «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። አልተመለሰም።

በሦስተኛው ቀን ሽመሊት ወደ ሥራዋ ስትበር ወንዙ መሻገሪያ ላይ አንበሳን አየችው። እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሟል። ከፊቱ የጎሾች ዘበኛ መንገዱን ዘግቶ ያናግረዋል።

«እስከ ዛሬ የጎረቤት ንጉሥ ነህ ብለን በእንግድነት አሳልፈንሃል። አሁን ግን እዚያ ማዶ የሚሰማህ የለም አሉን። ልጆችህ ደግሞ እዚህ ያድራሉ። እስቲ ንገረን፣ ነዋሪ ነህ መንገደኛ? ነዋሪ ከሆንክ እዚህም ግብር አለ። መንገደኛ ከሆንክ ልጆችህን ይዘህ መንገድህን ቀጥል።»

አንበሳ ዞሮ ወደ ጫካው አየ። ከወዲህ ዳር ዝሆን፣ ዝንጀሮና ሚዳቋ ውኃ ሊጠጡ ወርደው ነበር። ቀና ብለው አዩት፤ ይመለሱ ያለው ግን የለም። አጎንብሰው መጠጣታቸውን ቀጠሉ።