ባዶውን በግምት የሞላው ሰው

አንድ ሰው ነበር። ሥራው የአንድ የኩላሊት እጥበት ክሊኒክ ኮምፒውተሮችን መጠበቅ ነው። ሕመምተኞቹ ተራቸውን የሚያዩት በክሊኒኩ ድረ ገጽ ነው፤ ገጹን ደግሞ ሰርቨር የሚባል ማሽን ያንቀሳቅሰዋል። እንዴት እንደሚያንቀሳቅሰው እኔን አትጠይቁኝ፤ ሰውየው ደጋግሞ ቢያስረዳኝም አሁንም ግራ እንደተጋባሁ ነኝ።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሁሉ ሰላም ሳለ፣ ሰርቨሩን ልፈትሽ ብሎ ትዕዛዝ ጻፈ። ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ላይ ተደረደረ። «ይህ ስም ትርጉም አልተሰጠውም። ይህም ስም ትርጉም አልተሰጠውም።» የሰርቨሩን ማዋቀሪያ ፋይል ከፈተ፤ ስሞቹ በቦታቸው አሉ። ታዲያ ምን ጎደለ? ገጹን በስልኩ ከፈተ፤ ይሠራል! የሚሠራ ነገር እንዴት ጎደለኝ ይላል?

ከእሱ በፊት ሥራውን ትሠራ የነበረችው የሰብለወንጌል ስልክ ቁጥር እጁ ላይ አለ። አልደወለም። ለምን? ይሉኝታ! «ገና ከመቀጠሩ አቃተው ትለኛለች» አለ። ታዲያ ምን አደረገ? የስሞቹን ትርጉም ፋይሉ ላይ በገዛ ግምቱ ሞላው። «ይሄ ይሄ ይሆናል፤ ያ ደግሞ ያ ይሆናል» እያለ። ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው።

አልተነሳም።

ብዙም ሳይቆይ ስልክ ጮኸ። አቶ ላላሞ ናቸው፣ ከሕመምተኞቹ አንዱ፤ የሚደውሉት ከይርጋለም ነው። «ልጄ፣ ገጹ አልከፈት አለኝ። ተራዬ ዛሬ ይሁን ነገ ጠፋብኝ። እግሬ አብጧል፤ ይሄ ተራ ካለፈኝ አልተርፍም።»

ያኔ ይሉኝታው በነነ። ደወለ።

«በምን ትዕዛዝ ነው የፈተሽከው?» አለችው ሰብለወንጌል።

«ፕሮግራሙን በቀጥታ ጠርቼ።»

«የስሞቹ ትርጉም እኮ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። በመደበኛው ማስነሻ ትዕዛዝ ካልጠራኸው ያን ፋይል አያነብልህም። አንተዬ፣ ምንም አልተበላሸም ነበር! አሁን የጻፍከውን ሰርዝና በመደበኛው አስነሳው። ቀድመህ ብትደውል ምን ነበረበት?»

ሰረዘ። አስነሳው፤ ተነሳ። የአቶ ላላሞ ተራ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነበር። ተመስገን፣ ደረሱ።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሰው አትሳቁ። አንተስ? ሚስትህ ሰሞኑን ዝም ብላለች። ለምን? አታውቅም። «ንቃኝ ነው» ብለህ ሞላኸው። ጠየቅሃት ወይ? አንቺስ? ወንድምሽ ለቅሶሽ ላይ አልመጣም፤ «ጠልቶኝ ነው» ብለሽ ሞላሽው። ደወልሽለት ወይ? ግራ መጋባት ቤት አላፈረሰም። ግምታችን ግን ስንቱን ቤት አፈረሰ!

በእግዚአብሔርም ላይ እንዲሁ እናደርጋለን። በመካከላችሁ ልጅ የቀበራችሁ አላችሁ፤ ከዚህ ሆኜ አያችኋለሁ። «ለምን?» ብላችሁ ጮኻችሁ፤ መልስ አልመጣም። «ረስቶኛል» ብላችሁ ሞላችሁት። ማን ነገራችሁ? እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅም። እዚህ ቆሜ በግምት ብሞላላችሁ እዋሻችኋለሁ፤ እኔንም ያመኛል።

ያልገባችሁን እንዳለ፣ ባዶውን፣ ይዛችሁ ወደ እርሱ ሂዱ። ጠይቁት። ነገም ጠይቁት። መልሱ ዛሬ ላይመጣ ይችላል። «ረስቶኛል» የሚለውን ግን ዛሬውኑ ሰርዙት፤ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ።