አምስተኛው ዕድሜ

ተረቴ ደረጃ ወጣ፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀመጠ።

የሰባተኛ ክፍሏ ትርሲት የጎደላት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። በፎቁ ካሉት አምስት ቤቶች የየቤቱን ትልቅ ሰው ዕድሜ ጠይቃ አማካዩን ማውጣት አለባት። አርባ አራት አገኘች፤ ሃምሳ ሁለት፣ ሠላሳ ስምንት፣ ስልሳ። አምስተኛው የለም። «ነገ በአራት ቁጥር የመጣ ዜሮ አለው» ብለዋል መምህሩ።

አምስተኛዋ እትዬ ዘነቡ ናቸው።

«ዕድሜዬን እኔ ምኑን አውቄ? አባቴ ዳዊቱ ጀርባ ላይ ጽፎታል። መነጽሬ ደግሞ ተሰብሮ ጋሽ ወንድይራድ ዘንድ ነው።»

«እኔ ላንብብልዎት?»

«የአባቴን ዳዊትማ ሰው አላስነካም።»

ሮጣ ወረደች። ጋሽ ወንድይራድ ከደረጃው ሥር ሰዓትና መነጽር ይጠግናሉ።

«ጋሼ፣ መነጽሩን ይጠግኑልኝ። መነጽር ከሌለ ዳዊቱ አይነበብም፤ ዳዊቱ ካልተነበበ ዕድሜ የለም፤ ዕድሜ ከሌለ አማካይ የለም።»

«ብሎኑ ይኸው። መፍቻዬን ግን ልብስ ሰፊዋ ስንዱ ተውሳ ቀረች።»

ሮጣ ሄደች።

«ስንድዬ፣ መፍቻውን ስጪኝ። መፍቻ ከሌለ መነጽሩ አይጠገንም፤ መነጽር ከሌለ ዳዊቱ አይነበብም፤ ዳዊቱ ካልተነበበ ዕድሜ የለም፤ ዕድሜ ከሌለ አማካይ የለም።»

«መፍቻው እዚህ ጨርቅ ሥር የሆነ ቦታ ነው። ጨርቁ ሳይቆረጥ አይነሳም፤ መቀሴም አይቆርጥም።»

«ለምን?»

«አሥራ አራት ሜትር ለስምንት መጋረጃ። ባለፈው በዓይኔ ገምቼ ብቆርጥ ስምንተኛው የአሻንጉሊት ቀሚስ ሆኖ ቀረ።»

ትርሲት ሳቋን ዋጥ አድርጋ የስንዱን ጠመኔ አነሳችና ጠረጴዛው ላይ አካፈለች።

«ለእያንዳንዱ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በስምንት አባዢው፤ አሥራ አራት ይመጣል።»

መቀሱ ቆረጠ፤ ጨርቁ ተነሳ፤ መፍቻው ተገኘ፤ ብሎኑ ጠበቀ፤ መነጽሩ ተጠገነ፤ ዳዊቱ ተነበበ። ዓመቱን ከዘንድሮ ላይ ቀነሱት።

«ሰባ አንድ» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ ቀስ ብለው። «እኔስ ስልሳዎቹን የጨረስኩ አይመስለኝም ነበር።»

ትርሲት ደመረች፤ ሁለት መቶ ስልሳ አምስት። ለአምስት አካፈለች፤ ሃምሳ ሦስት።

«ሃምሳ ሦስት ማን ነው?»

«አማካዩ። የሁላችሁ ዕድሜ ተደምሮ እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዳችሁ የሚደርሰው።»

«ለእኔም?»

«ለእርስዎም።»

«አሥራ ስምንቱን ማን ተሸከመልኝ?»

«ወጣቶቹ ጎረቤቶችዎ ተካፈሉት።»

እትዬ ዘነቡ መነጽራቸውን አውልቀው ዳዊቱ ላይ አኖሩ።

«ጎረቤት እንዲህ ነው እንጂ» አሉ።

ተረቴ ደረጃውን ወረደ፤ ዜሮውንም ይዞት ሄደ።