ረጅሙን ዘር የመረጠችው ጦጢት

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ የማወራችሁ ጉድ ነው!

በድሮ ዘመን፣ ጣና ዳር፣ በፎገራ ሜዳ ላይ፣ አንጓች የምትባል እውነተኛ ገበሬ ነበረች። ጎረቤቷ እመት ጦጢት ደግሞ ተንኮለኛ ነበረች፤ ምላሷ አያርፍም። አንድ ቀን ጦጢት ብድግ ብላ፣ «የአንጓች ማሳ የኔ ነው! አያቴ እዚህ ውሃ ጠጥታለች!» ስትል ከጣናው ዳኛ ከአያ ጉማሬ ዘንድ ከሰሰቻት። አንጓች ክው አለች። ከአባቷ የቀራት ያ ማሳ ብቻ ነበር።

አያ ጉማሬ በሰፊው አዛጋና ፈረደ፤ «እኩል ተካፈሉና ሩዝ ዝሩበት። ብዙ ያመረተች ሁሉንም ትውሰድ፤ የተረታች ትውጣ!»

አንጓች ሁለት ዓይነት ዘር ነበራት። አንዱ አጭር፣ ቶሎ የሚደርስ። ሌላው ረጅም፣ ብዙ የሚያፈራ። ጦጢት ረጅሙን ላፍ አደረገችው!

አንጓች ማታለል አታውቅምና፣ «እመት ጦጢት፣ ይሄ ዘር ለመድረስ ይዘገያል። ዛሬውኑ በሰኔው ዝናብ ዝሪው» አለቻት።

«አንቺስ መቼ ልትዘሪ ነው?»

«የኔማ ቶሎ ደራሽ ነው። አሁን ብዘራው ዝናቡ ሳያባራ ይደርስና ይበሰብስብኛል። ሐምሌን እጠብቃለሁ።»

ጦጢት ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አዬ አንጓች! እኔን ልታሞኚ? ዓምና ሐምሌ ላይ ዘርተሽ ጎተራሽ ሲሞላ በዓይኔ አይቻለሁ! አንቺ በዘራሽ ቀን እዘራለሁ!»

ሐምሌ ገባ። ሁለቱም በአንድ ቀን ዘሩ።

ነሐሴ ላይ ጦጢት መጣች። የሷ ሩዝ ረዝሟል፣ የአንጓች አጥሯል። «ጓዝሽን ሸክፊ!» አለች።

መስከረም ላይ መጣች። የሷ ወገብ ደርሷል፣ የአንጓች ከጉልበት አላለፈም። «ጓዝሽን ሸክፊ!» አለች። አንጓችም «ወይኔ አባቴ፣ ማሳህን ላስወስደው ነው» እያለች አረሟን ነቀለች።

ጥቅምት ላይ መጣች። የሷ ገና አረንጓዴ ነው። የአንጓች ግን፣ ልጆች፣ ቢጫ ሆኖ፣ ፍሬው ከብዶት ጎንበስ ብሏል! «ጓዝሽን...» ብላ ሳትጨርሰው ወደ ማሳዋ ሮጠች።

አንጓች አጨደች፣ ወቃች፣ እልል አለች! ዝናቡ ካባራ ሰንብቷል፤ መሬቱም ደረቀ። የጦጢት ሩዝ ገና ሊያብብ ሲል የኅዳር ብርድ መታው።

አያ ጉማሬ ሊፈርድ መጣ። የአንጓች ዐውድማ በሩዝ ተሞልቷል። ጦጢትም የሷን ወቅታ ወደ ላይ ብትበትነው፣ ነፋሱ እፍ ብሎ ሁሉንም ወሰደው። ገለባ ብቻ!

«አታለለችኝ!» ብላ ጮኸች ጦጢት።

«ምን ብላ?» አለ አያ ጉማሬ።

«እውነቱን ነግራኝ!»

አያ ጉማሬ ሳቀ፣ ሳቀ፣ የጣና ውሃ እስኪናወጥ ሳቀ። ማሳው ለአንጓች ጸና። ጦጢት በኀፍረት ዛፍ ላይ ወጣች፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደችም። ስትወርድም ለስርቆት ነው!

አያችሁ ልጆች? እያንዳንዱ ዘር የራሱ ቀን አለው። ተንኮለኛ ደግሞ እውነቱን ቢነግሩት እንኳ ተንኮል ይመስለዋል።