መርፌዋ ያለ ፊልሙ አልሄድም አለች

ተረት ተረት፣ የአሮጌ ሸክላ በረት።

ልሳነወርቅ የሚባል አንድ ሰው ነበረ። ሲወለድ እንደማንኛችንም ጤነኛ ነበረ ይላሉ። ከዚያ አንድ ቀን አንድ የሙዚቃ ሸክላ ገዛ፤ በነጋታው ሁለተኛ ገዛ፤ ይኸው እስከ ስልሳ ስድስት ዓመቱ አላባራም። ካሴት ከካርቱም ያስመጣል፣ ፊልም ከቦምቤይ ያስመጣል፣ ሸክላ ከቤይሩትና ከአቴንስ ያስመጣል። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ይጠብቃል፣ ፎርም ይሞላል፣ ይሰለፋል፣ ወረፋው ላይ ቆሞ ያንቀላፋል። ቤቱ ውስጥ ሁለት ሺህ ሸክላ አለ፤ የሚቀመጡበት ወንበር ግን አንድ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው ሸክላ አይሰማም። ሰብሳቢ እንዲያ ነው። ሸክላ በተጫወተ ቁጥር ይፋቃል፤ ስለዚህ ያስመጣል፣ ይወለውላል፣ ይደረድራል፣ አቧራ ሲጠጣ ደግሞ እንደገና ይወለውላል። እኔ ሳወራው እንኳ ደከመኝ።

ታላቅ እህቱ አልጋነሽ ግን ከሁለት ሺሁ አንዱን መስማት ፈለገች። አንዱን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ሃምሳ ዓመት፣ አልጋነሽ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና ሸክላ ለሚያስቀርጽ ዘፋኝ አጨበጨበች፤ መጨረሻው ላይም እልል አለች። ቀረጻው እንዳለቀ የባንዱ አለቃ፣ "ይቺ ልጅ ከከበሮው ቀድማ እልል ብላ ሥራችንን አበላሸችው" አለ። ከዚያ ወዲያ የጠራት የለም። እሷም "አልቀደምኩም" አለች። ልብስ ሰፊ ሆና "አልቀደምኩም" አለች፤ አግብታ "አልቀደምኩም" አለች፤ አርጅታም "አልቀደምኩም" አለች። ሸክላውን ግን አንድም ቀን አልሰማችውም። ሸክላው ገበያ ላይ ሳለ ማጫወቻ አልነበራትም፤ ማጫወቻ ስታገኝ ሸክላው ከገበያ ጠፋ።

ዘንድሮ ቀኝ ጆሮዋ ጨርሶ ተዘጋ። ከግራው ጀርባ ደግሞ እብጠት ወጣ። ሐኪሙ፣ "ሰኞ እናወጣዋለን፤ መስማቱም አብሮ ሊሄድ ይችላል" አላት።

"ልሳኑ" አለችው ወንድሟን፣ "ሳልደነቁር አንድ ነገር ልወቅ። ቀድሜ ነበር ወይስ አልቀደምኩም?"

ሸክላውን ልሳነወርቅ ሃያ ዓመት ፈልጎት ባለፈው ወር ከአቴንስ አስመጥቶታል። የመጣው ራቁቱን ነው፤ የካርቶን ሽፋኑ የለም። ሰብሳቢዎች ሽፋኑን ልብስ ይሉታል። ቅዳሜ ጠዋት ልሳነወርቅ በሻንጣ መልክ የተሠራውን ማጫወቻ ከአልጋ ሥር ጎተተ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ከፈተው። መርፌዋ ተሰብራለች።

"ሁለት ሺህ ሸክላ ሰብስበህ አንዲት መርፌ የለህም?" አለች አልጋነሽ።

"እትዬ፣ ደክሞኛል፤ አትቆጪኝ" አለ።

እንዲህ ያለ መርፌ የሚሸጥ ሱቅ ከተማው ውስጥ አልቀረም። ደግነቱ ያን ዕለት በዓመት አንዴ የሚደረገው የሰብሳቢዎች ባዛር ነበር። እዚያ ብር አይወጣም፤ ዕቃ በዕቃ ነው። በሩ የሚዘጋው ደግሞ በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ልሳነወርቅ ማጫወቻውን በአንድ እጁ፣ እህቱን በሌላው ይዞ፣ ሸክላውን በትከሻ ቦርሳው ከቶ ሄደ። አልጋነሽ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች።

ራዲዮ ጠጋኙ ይትባረክ አንዲት መርፌ አለችው። በክብሪት ቤት ውስጥ ጥጥ ተነጥፎላት ተኝታለች።

"ይትባረክ፣ እባክህ መርፌዋን ስጠኝ።"

"አልሰጥም" አለ ይትባረክ። "አንድ የህንድ ፊልም አለኝ። አንደኛው ጥቅል አለ፣ ሁለተኛው አለ፣ አራተኛው አለ፤ ሦስተኛው የለም። ልጅቷ ወንዙ ዳር ቆማ ታለቅሳለች፤ ቀጥሎ ማዶ ሆና ትስቃለች። እንዴት ተሻገረች? ሠላሳ ዓመት ሙሉ አልገባኝም። ሦስተኛውን ጥቅል አምጣና መርፌዋን ውሰድ።"

መርፌዋ ያለ ፊልሙ አልሄድም አለች፤ ሸክላው ያለ መርፌዋ አልዘፍንም አለ፤ አልጋነሽም በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች።

ልሳነወርቅ ወደ ሻምበል ወንድይራድ ሄደ። ሻምበሉ ጡረታ ሳይወጣ በየጦር ሰፈሩ እየዞረ ለወታደሩ ፊልም ያሳይ ነበር። ሦስተኛው ጥቅል ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እንደ ድስት ማስቀመጫ ሻይ ተቀምጦበታል።

"ሻምበል፣ ይህን ጥቅል ይስጡኝ።"

"አልሰጥም። የፕሮጀክተሬ አምፖል ከተቃጠለ ሰባት ዓመቱ። አርባ ፊልም ታቅፌ ጨለማ ውስጥ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። አምፖል አምጣ።"

ፊልሙ ያለ አምፖሉ አልሄድም አለ፤ መርፌዋ ያለ ፊልሙ አልሄድም አለች፤ ሸክላው ያለ መርፌዋ አልዘፍንም አለ፤ አልጋነሽም በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ሰዓቱ ስድስት ሆኗል።

ልሳነወርቅ ወደ ወይዘሮ ሙሉእመቤት ሄደ። ሟች ባላቸው የሲኒማ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ የተዉላቸው ንብረት አንድ ሣጥን የፕሮጀክተር አምፖል ነው። ሴትየዋ አምፖሎቹን እንደ እንቁላል እያገላበጡ ይወለውላሉ።

"እትዬ ሙሉእመቤት፣ አንድ አምፖል ይስጡኝ።"

"አልሰጥህም፣ ልጄ። የሠርጋችን ዕለት የተዘፈነ የሱዳን ካሴት ነበረኝ። እሱ ከሞተ ወዲህ ማታ ማታ እሰማው ነበር፤ አምና ቴፑ በላብኝ። ያንን ካሴት ያመጣልኝ ሰው ሣጥኑን ሙሉ ይውሰድ።"

አምፖሉ ያለ ካሴቱ አልሄድም አለ፤ ፊልሙ ያለ አምፖሉ አልሄድም አለ፤ መርፌዋ ያለ ፊልሙ አልሄድም አለች፤ ሸክላው ያለ መርፌዋ አልዘፍንም አለ፤ አልጋነሽም በሩ ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጫማዋን አውልቃለች።

ልሳነወርቅ ወደ ጀማል ሄደ። ጀማል ዱሮ ካሴት ቤት ነበረው፤ አሁን ካሴቱ አለ፣ ቤቱ የለም። የሱዳኑ ካሴት ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል።

"ጀማል፣ ወንድሜ፣ እግሬ አለቀ። ይህቺን ካሴት ስጠኝና ልገላገል።"

"ወላሂ ብሰጥህ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያን ግድግዳ እየው።" ማዶ ላይ በእጅ የተሳለ ትልቅ የፊልም ፖስተር ተሰቅሏል። "የሳለው አባቴ ነው። ፊርማው ከታች አለ። ከጠዋት ጀምሮ ሦስቴ ለመንኩት፣ ሰውየው ወይ ፍንክች። ፖስተሩን አምጣልኝ፤ ካሴቷ ያንተ ናት።"

ካሴቱ ያለ ፖስተሩ አልሄድም አለ፤ አምፖሉ ያለ ካሴቱ አልሄድም አለ፤ ፊልሙ ያለ አምፖሉ አልሄድም አለ፤ መርፌዋ ያለ ፊልሙ አልሄድም አለች፤ ሸክላው ያለ መርፌዋ አልዘፍንም አለ፤ አልጋነሽም በሩ ላይ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ነው።

ልሳነወርቅ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ባለፖስተሩ ሄደ። ባለፖስተሩ ባልካቸው ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ ሲናገር አሁንም ካርታ ላይ የሚጠቁም ይመስላል።

"ጋሽ ባልካቸው፣ ለዚህ ፖስተር ምን ላምጣ? ሩቅ ሳይልኩኝ ይንገሩኝ።"

ባልካቸው ከፌስታል ውስጥ ባዶ የሸክላ ልብስ አወጣ። ፎቶው ላይ አንድ ዘፋኝ ቆሟል፤ ከኋላው አራት ሴቶች ያጨበጭባሉ፤ ዳር ላይ ያለችው አፏን ከፍታለች።

"ልብሱን ካገኘሁት ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው" አለ። "ባለቤቱን ሸክላ ግን አላገኘሁትም። የመጀመሪያውን እትም ነው የምፈልገው። ሁለተኛውንማ ሦስት አለኝ። የመጀመሪያውን ያመጣልኝ ሰው ፖስተሩን ይውሰድ።"

ልሳነወርቅ ትከሻው ላይ ያንጠለጠለውን ቦርሳ አየ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይሄ ነው።

ፖስተሩ ያለ ሸክላው አልሄድም አለ፤ ካሴቱ ያለ ፖስተሩ አልሄድም አለ፤ አምፖሉ ያለ ካሴቱ አልሄድም አለ፤ ፊልሙ ያለ አምፖሉ አልሄድም አለ፤ መርፌዋ ያለ ፊልሙ አልሄድም አለች፤ ሸክላው ያለ መርፌዋ አልዘፍንም አለ። ልሳነወርቅ የካሴት ካርቶን ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ሃያ ዓመት ፈልጎታል። አቴንስ ላለ ሰው አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፏል። ቤቱ ከገባ ገና ወሩ ነው፤ ሌሊት እየተነሳ ያየዋል። ግን በሩ ላይ እህቱ አለች፤ ከነገ ወዲያም ሰኞ ነው።

ሸክላውን አወጣው። "ይውሰዱት" አለ። "መጀመሪያ ግን አንድ ጊዜ ይጫወት።"

ባልካቸው ሸክላውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ዳሩ ላይ የተጫረውን ቁጥር አነበበ። የመጀመሪያው እትም ነው። ሸክላውን ልብሱ ውስጥ አስገባው፤ ልክክ አለ።

"አይጫወትም" አለ። "መርፌ አይነካውም።"

"አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጋሽ ባልካቸው!"

"አንድ ጊዜም ይፍቃል። አንተም ሰብሳቢ ነህ፤ ታውቀዋለህ።"

ያውቀዋል። ያበገነውም ይኸው ነው። ስንት ሰው እቤቱ ድረስ መጥቶ "እስቲ አሰማኝ" ሲለው፣ ቃል በቃል ይህን ብሎ መልሷል። ዘበኛው ወንበር ማጠፍ ጀመረ።

ይሄኔ አልጋነሽ መጠበቅ ሰልችቷት፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ መጣች። "ምን ሆናችሁ?" አለች። ልሳነወርቅ ወደ ግራ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ፣ ከመርፌዋ እስከ ፖስተሩ ሁሉንም ነገራት። እሷ ልብሱን ከባልካቸው እጅ ወሰደችና ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

"ይቺን ዳር ላይ ያለችውን ያውቋታል?" አለችው።

"ስሟን አላውቅም። ግን ሁልጊዜ አያታለሁ።"

"እኔ ነኝ። እርስዎ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ደከመኝ። እባክዎ አንዴ ድምፄ ይውጣና አፌን ልዝጋ።"

ባልካቸው ፎቶውን አየ፤ አሮጊቷን አየ፤ እንደገና ፎቶውን አየ። ጉንጫቸው ላይ ያለው ምልክት አንድ ነው። ኮፍያውን አወለቀ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። "ይጫወት።"

ከዚህ በኋላ ማን ይያዘው! ባልካቸው ፖስተሩን ነቀለ፤ ፖስተሩ ወደ ጀማል ሄደ፤ ካሴቱ ወደ ሙሉእመቤት ሄደ፤ አምፖሉ ወደ ሻምበሉ ሄደ፤ ፊልሙ ወደ ይትባረክ ሄደ፤ መርፌዋ ከክብሪት ቤቷ ወጣች፤ ሸክላው መዞር ጀመረ። ባለቤቶቹም ዕቃቸውን እንደታቀፉ ተከትለው መጡና ማጫወቻውን ከበቡት። እድሜ ልካቸውን ሸክላ ሲለዋወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ሲዞር ግን ካዩት ቆይተዋል። ዘበኛው እንኳ ያጠፈውን ወንበር መልሶ ዘርግቶ ተቀመጠበት።

አልጋነሽ ግራ ጆሮዋን ማጫወቻው ላይ ለጠፈች። መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። ሸክላው ተንጫጫ፣ ማሲንቆው ገባ፣ ዘፋኙ ዘፈነ፣ ጭብጨባው ፈጠነ። መጨረሻው ላይ ከበሮው ሳይመታ እልልታው መጣ። ቀድሟል። በትንሹም አይደለም፣ በደንብ አድርጎ ቀድሟል፤ ከበሮው ደንግጦ ተከተለው።

መርፌዋ ተነሳች። ልሳነወርቅ እህቱን ማየት ፈራ።

"ቀድሜያለሁ" አለች አልጋነሽ። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "የባንዱ አለቃ እውነቱን ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ በከንቱ ተከራከርኩ።"

"እሜቴ" አለ ባልካቸው፣ እንድትሰማው ጮክ ብሎ፣ "በሁለተኛው እትም ላይ እልልታዎን ቆርጠው አውጥተውታል። ከበሮው በሰዓቱ ይመታል፤ ምንም ስህተት የለበትም። ሦስት አለኝ አላልኩም? በነጻ ስሰጥ እንኳ የሚወስድልኝ አጣሁ። ወንድምዎ ሃያ ዓመት፣ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት የፈለግነው ይሄን ነው፤ እርስዎ የቀደሙበትን።"

አልጋነሽ ወደ ወንድሟ ዞረች። "እውነቱን ነው?"

"እውነቱን ነው፣ እትዬ። እኛ ሰብሳቢዎች ይሄን ሸክላ ስሙን አንጠራም፤ 'ቀዳሚዋ' ነው የምንለው። እንዳይከፋሽ ብዬ ደብቄሽ ነበር።"

"አንተ ጅል" አለችው። ከዚያ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች።

"ልድገመው?" አለ ባልካቸው። መርፌ አይነካውም ያለው ሰውዬ ነው እንግዲህ። መልሷን ሳይጠብቅ መርፌዋን መለሳት።

ሸክላው ተንጫጫ፣ ማሲንቆው ገባ፣ ዘፋኙ ዘፈነ፣ ጭብጨባው ፈጠነ። አልጋነሽ ጫማዋን መሬት ጣለችና ቀና አለች፤ በዚያ ባረጀ ጉሮሮዋ አዳራሹን በእልልታ ሞላችው።

አሁንም ቀደመች።

ተረቴን መልሱ፣ ሸክላውንም ከነልብሱ።