ጥይቱ በመጣበት መንገድ

ግራዝማች ይርዳው «በሰርግ መተኮስ ክልክል ነው» ብለው አዋጅ ባስነገሩ ሳምንት ሳይሞላ ልጃቸውን ዳሩ። ደስታው አላስችል አላቸውና ራሳቸው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ጥይቱ ወርዶ የጎረቤታቸውን የጠላ ሻጯን ጣራ በስቶ፣ እሷን ለጥቂት ስቶ፣ ጋኗን ሰነጠቀው።

ሴትዮዋ ለሽማግሌ ልትከስ ስትነሳ፣ ጉድ እኮ ነው፣ ግራዝማች ቀድመው ከሰሷት፦ «ንብረቴን ደብቃለች! ጥይቴን ትመልስ!»

ሽማግሌዎቹም ግራዝማችን ፈርተው «በይ መልሽላቸው» አሏት።

ሴትዮዋ በጠላ የራሰ ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች። «እመልሳለሁ ጌታዬ፤ የሰው ንብረት ምን ያደርግልኛል? ብቻ በመጣበት መንገድ ነው የምመልሰው። ጠመንጃዎን ያውሱኝና እርስዎ ቤትዎ ገብተው ጋንዎ አጠገብ ቁጭ ይበሉ። ምን ያስፈራዎታል? እኔም እንደ እርስዎ ወደ ሰማይ ነው የምተኩሰው!»