አመንኩህ የተባለው በር

በጎሽ ውሃ ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ በሮች አንዱ፣ ወደ ወይራ አምባ መንደር የሚያወጣው፣ «አመንኩህ» ይባላል። ከሩቅ አገር የሚመጡ ተማሪዎች ይህን ስም ሲሰሙ የአንድ ጻድቅ ወይም የአንድ ባለጸጋ መጠሪያ ይመስላቸዋል፤ ከፍቅረኞች ጋር የሚያያይዙትም አሉ። የወይራ አምባ ሽማግሌዎች ግን ስሙ የመጣው ከአንድ ገበሬ አፍ ከወጣ ቃል ነው ይላሉ።

እንደሚነገረው፣ ግቢው ዩኒቨርሲቲ ከመሆኑ በፊት ኮሌጅ፣ ኮሌጅ ከመሆኑም በፊት የመምህራን ማሰልጠኛ ነበር። ማሰልጠኛው ሲከፈት ከጥቂት የቆርቆሮ ክፍሎች በቀር የተሠራ ነገር ስላልነበረ፣ ማደሪያ እስኪሠራ ድረስ የወይራ አምባ ሰዎች ሰልጣኞቹን ተከፋፍለው በየቤታቸው አስገቧቸው። በመንደሩ ቃላቸው ይደመጥ ለነበረው ለአያ ይማም እብሬ የደረሳቸው ተኮላ የሚባል፣ ከቆላ የመጣ ቀጭን ወጣት ነበር። ወባ ይዞት ስለመጣ ባለቤታቸው እቴ ዘሃራ አጥሚት እያጠጡ አስታመሙት። ማደሪያው ተሠርቶ ጓደኞቹ ሲገቡ እንኳ እሱ «እዚሁ ልሁን» ብሎ ሥልጠናውን እስኪጨርስ ከቤታቸው አልወጣም፤ አያ ይማምንም ፊደል ያስቆጠራቸው እሱ ነው ይባላል።

ማሰልጠኛው ከጎኑ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረው። ሰልጣኞቹ ማስተማር ይለማመዱበታል፣ የወይራ አምባ ልጆችም ይማሩበታል። ሌላው ትምህርት ቤት ከወንዝ ማዶ ስለሆነና ወንዙም በክረምት ስለሚሞላ፣ መንደሩ ይህን ትምህርት ቤት ከሁሉ አብልጦ ይወደው ነበር።

ዓመታት አለፉ። ተኮላ አስተማሪ ሆነ፣ ከዚያም ተምሮ ተምሮ ዶክተር ሆነ፣ ማሰልጠኛው ወደ ኮሌጅነት ባደገ ጊዜም ዲን ሆኖ ተመለሰ። የመጣ ዕለት ከቢሮው በፊት የሄደው ወደ አያ ይማም ቤት ነበርና፣ የመንደሩ ሰው «ልጃችን መጣ» ብሎ በግ አርዶ ተቀበለው። ኋላ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሊሆን ነው የሚል ወሬ ተሰማ። ለዚህ ግን ሰፊ መሬት ያስፈልግ ነበር፤ ከግቢው ቀጥሎ ያለው ሰፊ መሬት ደግሞ የወይራ አምባ ከብት በበጋ ሣር የሚያገኝበት ጨፌ ነው። ገበሬዎቹ አሻፈረን አሉ። ያን ጊዜ ተኮላ መጥቶ፣ በተማሪነቱ ይተኛበት በነበረው መደብ ላይ ተቀመጠ።

«አያ፣ እርስዎ ካሉ ሰው እሺ ይላል» አለ።

«ከብቱስ?»

«ለከብቱ መላ አይጠፋም። ዋናው ልጆቹ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የእናንተው ልጆች እደጃቸው ጀምረው እደጃቸው ይጨርሳሉ።»

«ትምህርት ቤቱን አትነኩትም?»

«እኔ እያለሁ? አንዲት ድንጋይ አትነሣም።»

እቴ ዘሃራ ከጓዳ ሆነው «ይህንኑ በሰው ፊት ይድገመው» ቢሉ፣ አያ ይማም «ልጄን በምስክር ላነጋግረው ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ ይባላል። በማግስቱ መንደሩ ከመስጊዱ ጀርባ ሲሰበሰብ ራሳቸው ቆመው ዋስ ሆኑ። «እሱ ቢዋሽ፣ ይማም ዋሸ በሉ» አሉ። ጨፌውም ተሰጠ።

ሕንፃዎቹ ወጡ፣ አጥሩ ታጠረ። ከብቱ በበጋ ቢከሳም ሰው ቻለው። አንድ መስከረም ላይ ግን፣ ትምህርት ሊከፈት ሲል፣ ዶዘር መጥቶ ትምህርት ቤቱን አፈረሰው፤ በቦታው ትልቅ አዳራሽ ሊሠራ ነው ተባለ። ዩኒቨርሲቲ ለትንንሽ ልጆች አስተማሪ አያሰለጥንም ተብሎም የመምህራን ሥልጠናው ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ሲሞላ ጎረምሶቹ ተያይዘው ይሻገራሉ፤ ትንንሾቹና ሴቶቹ ይቀራሉ። የአያ ይማም የልጅ ልጅ ሐዋ፣ «አስተማሪ ነኝ» እያለች የቤቱን ግድግዳ በከሰል ፊደል የምትሞላው፣ ከቀሩት አንዷ ነበረች። ቤት በዋለች በዓመቱ ባል መጣላትና ተዳረች።

የመንደሩ ሰው አያ ይማምን ፊት ለፊት አልወቀሳቸውም። ለሽምግልና መጥራቱን ግን ተወ፤ በገበያ መንገድ ሲያገኛቸውም ሰላምታውን አሳጠረ። እሳቸውን የጎዳቸው ይህ ነው ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ከዕለታት አንድ ቀን ተነሥተው ተኮላ ቢሮ ድረስ ሄዱ።

«ከላይ ታዞ ነው አያ» አላቸው። «በእኔ እጅ አልነበረም።»

«ይሁን፣ ታዘዝክ። መጥተህ ለምን አልነገርከኝም? ቤቱን እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

ተኮላ ሻይ አስመጣላቸው፤ እሳቸው ግን ሳይቀምሱ ወጡ።

አዳራሹ አልቆ የምረቃው በዓል ሲደርስ፣ ተኮላ ለአያ ይማም ካባና የሚያመጣቸው መኪና ላከላቸው። ሊክሳቸው አስቦ ነው የሚሉ አሉ፤ አገሬው እንዳልተቀየመ ለእንግዶቹ ሊያሳይ ነው የሚሉም አሉ። አይሄዱም ሲባል ሄዱ። ከፊት ተቀመጡ፣ ንግግሩን ሁሉ አዳመጡ፣ በመጨረሻም «የአገር ሽማግሌ ይመርቁልናል» ተብሎ ድምፅ ማጉያው ተሰጣቸው። ሰው አሜን ሊል እጁን ዘረጋ።

«ምርቃት ጠየቃችሁኝ» አሉ። «ፈለግሁት፣ ከአንጀቴ አጣሁት። እንዳልረግም ደግሞ እዚህ ቤት የሚማር የሰው ልጅ አለ።»

ከዚያ ወደ ተኮላ ዞሩ። ለእሱ ብቻ ሊነግሩት ድምፃቸውን ዝቅ ቢያደርጉም ማጉያው ለአዳራሹ ሁሉ አሰማው።

«እኔ እኮ አመንኩህ።»

ካባውን አውልቀው፣ አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ወደ መንደራቸው በሚያወጣው በር ወጡ። ያልተጠራው የወይራ አምባ ሰው ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ንግግሩን በማጉያው ይሰማ ነበርና መንገድ ለቀቀላቸው። ሰላምታ ካሳጠሩባቸው ጎረቤቶች አንዱ ክንዳቸውን ይዞ «ይምጡ አያ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አላቸው ይባላል። ከዚያ ቀን በኋላ እስኪሞቱ ድረስ ያን ግቢ አልረገጡም።

ተኮላ ኋላ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ። አያ ይማም ማረፋቸውን ሰምቶ ለለቅሶ ሲመጣ፣ ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዞ ወይራ አምባ ውሰደኝ አለ አሉ። ነጂው ማንነቱን የማያውቅ ልጅ ነበርና «አመንኩህ ጋ ነው አይደል የሚወርዱት?» ብሎ ጠየቀው። ተኮላ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ያልሰማ መስሎት ልጁ ዞሮ፣ ጮክ ብሎ «አመንኩህ?» አለው። ከዚያ ወርዶ በእግሩ ለቅሶ ደረሰ የሚሉ አሉ፤ ከመንገድ ተመለሰ የሚሉም አሉ፤ እድንኳኑ ውስጥ አየሁት የሚል ግን እስካሁን አልተገኘም።

ዛሬም በየዓመቱ በምረቃ ቀን ለአገር ሽማግሌዎች ከፊት ወንበር ይዘጋጃል፤ የሚቀመጥበት የለም። ተመራቂዎቹ ጥቁር ካባቸውን እንደለበሱ በአመንኩህ በኩል ይወጣሉ፤ ሽማግሌዎቹም ከአጥሩ ውጭ ሣሩ ላይ ቆመው ይመርቋቸዋል። በቅርቡ ለአገሩ አዲስ የሆነ አንድ ኃላፊ ወጥቶ፣ «አባቶች፣ ፀሐይ ላይ ከምትቆሙ ገብታችሁ ግቢውንም አብራችሁ ብትመርቁልን» ብሎ ለምኗቸው ነበር ይባላል።

«ልጆቹን እንመርቃለን» አሉት አንዱ ሽማግሌ፣ ወዲያውም ተራዋን ለምትጠብቀው ተመራቂ እጃቸውን ዘረጉ።