የጁኑማያ የትምህርት ክፍያና የተናደው መንገድ

ቀረብ በሉና ስሙ፤ ነገሩ የሆነው ሩቅ አገር ነው፣ ሕመሙ ግን ከደጃችን አይርቅም።

በኔፓል፣ ከኢንድራዋቲ ወንዝ በላይ፣ የዳጉሳ እርከን እንደ መሰላል በተደረደረበት ተራራ ላይ፣ ጁኑማያ የምትባል ልጅ ነበረች። አባቷ በሕፃንነቷ ስለሞተ ያሳደገቻት እናቷ ሴቲማያ ናት። ጁኑማያ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ነርስ መሆን። አጠናች፣ ተፈተነች፣ አለፈች። አውስትራሊያ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲም ተቀበላት። መንደርተኛው አንገቷ ላይ የአበባ ጉንጉን አጠለቀላት፤ እናቷ ግን ጥግ ይዛ ቆመች። ደስታው ክፍያ እንዳለው ገብቷታል።

ዩኒቨርሲቲው፣ "የመጀመሪያውን ክፍያ እስከ ወሩ መጨረሻ ካላገኘሁ ቦታሽን ለሌላ እሰጣለሁ" አለ።

ጁኑማያ ተራራውን ወርዳ ከተማ ገባች፣ ባንክ ሄደች። የብድር ኃላፊው ጨዋ ሰው ነው፤ አስቀምጦ ሻይ አዘዘላት።

"እህቴ፣ ጎበዝ መሆንሽ ያስታውቃል። ጉብዝና ግን ዋስትና አይሆንም። መሬት አላችሁ?"

"አለን ጌታዬ፤ የዳጉሳ እርሻ።"

"እንግዲያስ ገማች ሄዶ ይየውና ዋጋውን ይንገረኝ። ያለ ገማች አላበድርም።"

ባንኩ ያለ ገማች አላበድርም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ያለ ክፍያ አልጠብቅም አለ። ጁኑማያ ምን ታድርግ? ገማቹን ፍለጋ ሄደች።

ገማቹ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ "መኪና ይገባል?" አላት።

"ይገባ ነበር። ክረምቱ ሲበረታ ተራራው ተናደና መንገዱን ቆረጠው። እኔም የመጣሁት ናዳውን በእግሬ ተሻግሬ ነው።"

"መኪና የማይደርስበት መሬት ለባንክ መሬት አይደለም፣ ልጄ። መንገዱ ሲከፈት ጥሪኝ።"

ገማቹ ያለ መንገድ አልመጣም አለ፤ ባንኩ ያለ ገማች አላበድርም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ያለ ክፍያ አልጠብቅም አለ። ጁኑማያ ምን ታድርግ? ወደ መንገዱ ተመለሰች።

ስትደርስ ናዳው አጠገብ ዶዘር ቆሟል። ልቧ ዘለለ። ሹፌሩ ግን ከዶዘሩ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሲጋራ ያጨሳል።

"ወንድሜ፣ ምነው አትቆፍርም?"

"ሂጂና እይዋ! ናዳው ላይ ሴት ተቀምጣለች። ከመጣሁ ጀምሮ ንቅንቅ አላለችም። እኔ ደግሞ ሰው ላይ ዶዘር አልነዳም። የእናት ልጅ ነኝ።"

ጁኑማያ ድንጋዩን እየረገጠች ወጣች። አየቻት። የአጎቷ ሚስት ፉልማያ ናት፤ በአገራቸው ወግ የአጎት ሚስት "ካኪ" ትባላለች። ካኪ ፉልማያ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ጉልበቷን አቅፋ፣ መንገዱ በነበረበት ላይ ተቀምጣለች።

የካኪን ነገር መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ላልማን የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። አረብ አገር ለሥራ ሄደ። በዚህ መንገድ በአውቶቡስ ወረደ፤ በዚሁ መንገድ በሣጥን ወጣ።

"ይህ መንገድ ልጄን ወሰደብኝ" አለች ካኪ፣ ቀና ሳትል። "ወስዶ በምስማር መትቶ መለሰልኝ። አሁን ተራራው ራሱ ዘጋው። ተዘግቶ ይቅር። አልነሳም።"

ካኪ አልነሳም አለች፤ ዶዘሩ አልቆፍርም አለ፤ መንገዱ አልከፈትም አለ፤ ገማቹ ያለ መንገድ አልመጣም አለ፤ ባንኩ ያለ ገማች አላበድርም አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ያለ ክፍያ አልጠብቅም አለ።

ሽማግሌዎች መጡ። "የላልማን ዕድሜ ያቺው ነበረች፤ ጁኑማያ ግን ትመለሳለች፣ አትፍሪ" አሏት። አልተነሳችም። ባሏ መጣ፤ ለመነ፣ ተቆጣ፣ በመጨረሻ አልቅሶ ሄደ። ሴቲማያም መጥታ እግሯ ላይ ወደቀች። "ልጄ ልጅሽ አይደለችም ወይ? ትመለሳለች እኮ!" ካኪ ፊቷን ወደ ገደሉ አዞረች።

ጁኑማያ ያንኳኳችውን ደጅ ሁሉ እንደገና አንኳኳች። ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ደወለች፤ አንዲት ደግ ድምፅ፣ "እናዝናለን፣ ቀኑ አይራዘምም" አለቻት። ባንክ ወረደች፤ ኃላፊው ዳግመኛ ሻይ አዘዘላት፣ ዳግመኛ እምቢ አላት። ገማቹን በሩ ላይ ጠበቀችው፤ "መንገዱስ?" ብሎ አለፈ። ያ ሁሉ ደጅ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበረው፣ እሱም ናዳው ላይ ተቀምጧል። የወሩ መጨረሻም ተቃረበ።

ዝናብ እየጣለ ተራራውን ወጣች። ናዳው ጋ ስትደርስ አላለፈችም። ከካኪ አጠገብ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

"አንቺም ልታስነሺኝ መጣሽ?"

"አይ ካኪ። ደከመኝ። የምሄድበትም የለኝ።"

እንዲሁ ተቀመጡ። ካኪ አትነሳም፤ ዶዘሩ አይቆፍርም፤ መንገዱ አይከፈትም፤ ገማቹ አይመጣም፤ ባንኩ አያበድርም፤ ዩኒቨርሲቲው አይጠብቅም፤ ጁኑማያም ማልቀስ እንኳ አቃታት። ሹፌሩ ከዶዘሩ ወርዶ የላስቲክ ሸራ ወረወረላቸውና አንድ ላይ ተከናነቡት።

ሸራው ሥር ካኪ፣ "ትመለሻለሽ?" አለች።

ጁኑማያ፣ "አላውቅም" አለች።

"ሁሉም ትመለሳለች ይለኛል።"

"እነሱም አያውቁም።"

ካኪ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ አየቻት።

"ላልማን መደወል አያቋርጥም ነበር" አለች። "በላህ ወይ ስለው፣ በልቻለሁ እማዬ። ታመህ ይሆን ስለው፣ ደህና ነኝ እማዬ። ሊሞት ሰሞንም ደህና ነኝ ነው ያለኝ። ኩላሊቱ ማለቁን፣ ሽንቱ ደም መሆኑን፣ ያንንም ይዞ ፀሐይ ላይ ብረት ይሸከም እንደነበር፣ አብሮት ይተኛ የነበረ ልጅ ነው በኋላ የነገረኝ። እውነቱን ቢነግረኝ መሬቴን ሸጬ አስመጣው ነበር! ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ እያለ ገደለኝ።" ትንፋሿን ሰበሰበች። "አንቺስ እዚያ ስትታመሚ ምን ትያለሽ?"

ጁኑማያ ወደ መንደሩ አሻቅባ አየች። የእናቷ ፊት ታያት።

"እናቴን እዋሻት ይሆናል" አለች። "እንዳትጨነቅብኝ ብዬ። እርስዎን ግን አልዋሽም።"

"ቢርብሽ?"

"ራበኝ እላለሁ።"

"ቢመርሽስ?"

"መረረኝ፣ መልሱኝ እላለሁ። ግን ካኪ፣ ያኔ መሬታችን ባንክ ነው። በምን ይመልሱኛል?"

"የእኔ መሬት አልተያዘም" አለች ፉልማያ።

ይህን ብላ እጇን ዘረጋች። ጁኑማያ ሳበቻት። ጭቃው ከቀሚሷ እየተንጠባጠበ፣ ካኪ ተነሳች።

ካኪ ስትነሳ ሹፌሩ ሲጋራውን ጣለ፤ ዶዘሩ አጓራ፤ ዶዘሩ ሲያጓራ ድንጋዩ ተንከባለለ፤ ድንጋዩ ሲንከባለል መንገዱ ተከፈተ፤ መንገዱ ሲከፈት ገማቹ በጂፕ መጣ፤ ገማቹ ሲመጣ ባንኩ አበደረ፤ ባንኩ ሲያበድር ክፍያው በመጨረሻዋ ዕለት ገባ፤ ክፍያው ሲገባ ዩኒቨርሲቲው፣ "ነይ" አለ። እርሻው ተያዘ፤ ለአውሮፕላን ትኬት ደግሞ እንደ ላም የሚያልቧት የቤት ጎሽ ተሸጠች። ሴቲማያ ባዶውን በረት ጠርጋ በሩን ዘጋችው።

አውቶቡሱ የመጣ ዕለት መንደሩ ሁሉ ወጣ። እናቷ እንደ አገሩ የምርቃት ወግ ግንባሯን ቀይ ቀባቻት፣ ነጭ ሻሽ አንገቷ ላይ ጣለችላት። ጁኑማያ በመስኮቱ ስታይ እናቷ ትስቅ ነበር፤ አፏ ብቻ ነበር የሚስቀው። የጎረቤት ወጣቶች መንገዱን ያያሉ፤ እነሱም ሊሄዱ ነው።

ፉልማያ አውቶቡሱ እስኪሰወር አልጠበቀችም። ማጭዷን አንስታ ወደ እርሻዋ ወጣች። ለረጅም ጊዜ ትታው ነበርና ዳጉሳው አረም ውጦታል። አጎንብሳ ከዳሩ ጀመረች።

የኔ ወሬ እዚህ ላይ ቆመ። ልጁን የሸኘ ሁሉ እውነቱን ይስማ፤ የሄደም ሁሉ በእግሩ ይመለስ።